የቤት አይጥ መዋለድና መዳቀል

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ለዕጩ መምህራን የተደረገ ንግግር



አይጥ በሰው ዘንድ ክብር የላትም። በተረት ሌባ ናት፤ በምሳሌም ሞኝ ናት፤ «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» ይባልባታል። ጎታ ቀድዳ እህል ስታፈስ፥ መጽሐፍ ስትቆርጥ፥ ሌሊት በጣራ ሥር ስትሮጥ የሚሰማት ሰው ስለ እርሷ የሚያስበው እንዴት አድርጎ እንደሚያጠፋት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ብዙ ሺህ ዓመት የኖረችው ይህች ትንሽ ፍጥረት ለሥነ ሕይወት ሊቃውንት እንደ ትልቅ መጽሐፍ ሆና ተገኝታለች። አንዱ ዝርያ ከሌላው የሚለየው በምንድን ነው? የተለያዩትስ እንደ ገና ቢገናኙ ምን ይወለዳል? ለነዚህ ጥያቄዎች ብዙ መልስ ከሰጡት እንስሳት አንዷ እርሷ ናት።

ጥያቄው ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ፈረስና አህያ አዳቅሎ በቅሎ የሚያገኝ ሕዝብ የመዳቀልን ነገር ከመጽሐፍ አስቀድሞ በበረቱ አውቆታል። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» የሚለው ምሳሌ የሚነገረው በሚያፍር ሰው ላይ ለመሣቅ ቢሆንም፥ በውስጡ የተፈጥሮ ትምህርት አለበት። በቅሎ ጠንካራና ለመንገድ የምትታመን ሆና ሳለ አትወልድም። ፈረስ 64፥ አህያ 62 ክሮሞሶም ሲኖራቸው፥ በቅሎ ግማሹን ከአባቷ፥ ግማሹን ከእናቷ ወስዳ 63 ይኖራታል። የዘር ሕዋስ በሚሠራበት ጊዜ ከአባትና ከእናት የመጡት ክሮሞሶሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው መቆም አለባቸው፤ በበቅሎ ግን ጥንዶቹ አይስማሙም፤ ስለዚህ ትውልዷ በእርሷ ይቆማል። በፈረስና በአህያ መካከል ያለው በር የተዘጋ ነው ማለት ይቻላል። በአይጦች መካከል ያለው በር ግን ገርበብ ብሎ የቀረ ነው፤ አንዳንዱን ያሳልፋል፥ አንዳንዱን ይመልሳል። የምርመራውም ጣዕም ከዚህ ላይ ነው።

ነገሩን ለመከተል አስቀድሞ ስሞቹን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1758 የቤት አይጥን «ሙስ ሙስኩሉስ» ብሎ ሰየማት። ከዚያ ወዲህ የተነሡት ተመራማሪዎች ይህች አንዲት የምትመስለው አይጥ ቢያንስ በሦስት ታላላቅ ንኡሳን ዝርያዎች የተከፈለች መሆኗን አስረድተዋል። የመጀመሪያይቱ «ዶሜስቲኩስ» የምትባለው የምዕራብ አይጥ ናት፤ በቅርብ ምሥራቅ፥ በምዕራብ አውሮፓና በሰሜን አፍሪካ ትኖራለች፤ በመርከብም ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራልያ ተሻግራለች። ሁለተኛይቱ «ሙስኩሉስ» የምትባለው የምሥራቅ አይጥ ናት፤ ግዛቷም ከምሥራቅ አውሮፓ ተነሥቶ በሰሜን እስያ በኩል እስከ ሩቅ ምሥራቅ ይደርሳል። ሦስተኛይቱ «ካስታኔዩስ» የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ እስያ አይጥ ናት። እነዚህ ሦስቱ ከአንድ ግንድ የተለያዩት ከሦስት መቶ ሺህ እስከ አምስት መቶ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እንደ ሆነ ይገመታል። ይህ ጊዜ ለሰው እጅግ ረዥም ነው፤ ሁለት ዝርያዎችን ፈጽሞ ለመለየት ግን በቂ አልሆነም።

መምህር ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር ከዚህ ላይ አለ። በምሥራቅ አፍሪካ በቤትና በማሳ የሚታየው ትንሽ አይጥ ሁሉ ይህች የቤት አይጥ አይደለም። «ናኖሚስ» የሚባሉት እጅግ ትናንሽ አይጦች፥ እንዲሁም «ማስቶሚስ» የሚባሉትና ብዙ ጡት ያላቸው፥ በሰብልም ላይ ትልቅ ጥፋት የሚያደርሱት አይጦች የአፍሪካ ተወላጆች ናቸው። የቤት አይጥ ግን ወደነዚህ አገሮች በሰው ጭነት ውስጥ ተደብቃ የገባች እንግዳ ናት። የማዳጋስካር የቤት አይጦች የውርስ ምልክት ሲመረመር ከየመን አይጦች ጋር የቀረበ ዝምድና ያላቸው መሆናቸው ታውቋል። እንግዲህ የጥንቱ የሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴ ከየወደቡ ምን ይዞ እንደ ሄደ በመዝገብ ባይጽፈውም፥ አይጧ በደሟ ጽፋው ተገኝታለች ማለት ነው።

አይጥ የሰው ጎረቤት የሆነችው መቼ ነው? ብዙ ዘመን ይታሰብ የነበረው ሰው እርሻ ከጀመረና እህል በጎተራ ካከማቸ በኋላ ነው ተብሎ ነበር። በ2017 የወጣ አንድ ምርመራ ግን ነገሩን ወደ ኋላ ገፋው። ተመራማሪዎቹ በዮርዳኖስ ሸለቆ ከሚገኝ የጥንት ሰፈር የተለቀሙ የአይጥ ጥርሶችን ቅርጽ መርምረው፥ የቤት አይጥ ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን አሳዩ። በዚያ ዘመን የነበሩት ሰዎች አዳኞችና ለቃሚዎች እንጂ ገበሬዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን በአንድ ስፍራ ረግተው መቀመጥ ጀምረው ነበር። ሰው ረግቶ በተቀመጠበት ጊዜ የቤት አይጥ በርትታ የዱር ዘመዷን ታስለቅቃለች፤ ሰው መንቀሳቀስ በጀመረ ጊዜ ደግሞ የዱሯ ትመለሳለች። ይህንንም ከዛሬ ኑሮ ጋር ለማመዛዘን ተመራማሪዎቹ የመጡት ወደ ደቡብ ኬንያ ነው፤ ከፊል ዘላን በሆኑት የማሳይ ሰዎች መንደር ሁለት ዓይነት እሾሃማ ጠጕር ያላቸው አይጦች ጎን ለጎን ሲኖሩ አገኙ። ስለዚህ አይጥን ወደ ቤት የጠራት ማረሻ ሳይሆን የሰው መቀመጥ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ መዋለዷ መመለስ ይገባል፤ የአይጥ ኀይሏ ሁሉ ከዚያ ነውና። የእርግዝናዋ ጊዜ 20 ቀን ገደማ ሲሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወሊድ ከ5 እስከ 8 ልጆች ትወልዳለች። ልጆቹ ሲወለዱ ጠጕር የላቸውም፥ ዐይናቸውም አይገለጥም፤ በ3 ሳምንት ጡት ይተዋሉ፤ በ6 ወይም በ8 ሳምንት ደግሞ ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። እናቲቱም በወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ እንደ ገና ልትፀንስ ትችላለች፤ አንዱን እያጠባች ሌላውን ታረግዛለች። ለዘመን መለወጫ የወለደች አይጥ ከገና በፊት የልጅ ልጆቿን ልታይ ትችላለች ማለት ነው። ይህ መዋለድ ሳይገታ ቢቀጥል ምድርን በሞላ ነበር፤ ነገር ግን ብርዱ፥ ረሃቡ፥ ድመቱና ጕጕቱ አብዛኞቹን ዓመት ሳይሞላቸው ይወስዷቸዋል።

አይጦች እንደ ፈለጉ ተቀላቅለው የሚኖሩም አይደሉም። በአንድ ጎተራ ወይም በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ኀይለኛ ወንድ ግዛቱን ይዞ በሽንቱ ምልክት እያደረገ ይጠብቃል፤ ጥቂት ሴቶችም በግዛቱ ይኖራሉ። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎጆ ወልደው ልጆቻቸውን በአንድነት ያጠባሉ። በዚህ ማኅበር ውስጥ ዋናው ቋንቋ ሽታ ነው። በ1956 ዊተን የተባለ የአውስትራልያ ተመራማሪ የወንድ ሽታ የሴቶቹን የመፅነሻ ጊዜ እንደሚያቀራርበው አሳየ። በ1959 ደግሞ ሂልዳ ብሩስ የተባለች የእንግሊዝ ተመራማሪ፥ ገና በቅርብ ቀን የፀነሰች አይጥ እንግዳ ወንድ ሲቀርባት ፅንሱ ሳይረጋ እንደሚቀር አገኘች። በ2010 በወንዱ ሽንት ውስጥ የሚገኝ አንድ ፕሮቲን ተለይቶ ታወቀ፤ ሴቲቱ ያን ፕሮቲን አንድ ጊዜ ካሸተተች በኋላ የዚያን ወንድ ልዩ ሽታ ለይታ ታስታውሳለች። እንግዲህ በአይጥ ዓለም ማን ከማን ጋር እንደሚዋለድ የሚቆርጠው አጋጣሚ ብቻ አይደለም፤ ትውውቅና ምርጫም አለበት። የምሥራቅና የምዕራብ አይጦች በሚገናኙበት ስፍራ የዚህ ምርጫ ጥቅም ይታያል፤ በተለይ የምሥራቋ አይጥ የራሷን ወገን ሽታ ለይታ የመምረጥ ዝንባሌዋ የበረታ ነው።

በውርስም በኩል አይጥ አንድ አስደናቂ ነገር አላት። ሜንዴል ያስተማረው ሕግ እያንዳንዱ ወላጅ ከሁለት አማራጭ ውርሶች አንዱን ለግማሾቹ ልጆች፥ ሌላውን ለተቀሩት ግማሾች ያስተላልፋል ይላል። በዱር አይጦች ውስጥ ግን በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ «ቲ» የተባለ የጂን ጥቅል ይገኛል፤ ይህን ከአንድ ወላጁ የወረሰ ወንድ ለግማሾቹ ልጆቹ ማስተላለፍ ሲገባው ብዙ ጊዜ ከ90 በመቶ ለሚበልጡት ያስተላልፈዋል። በሚዛን ላይ ጣቱን እንደሚያሳርፍ ነጋዴ ነው። ነገር ግን ሌባ ሁሉ ዋጋውን ያገኛል፤ ጥቅሉን ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ አይጥ ወይ በማኅፀን ይሞታል፥ ወይም ወንድ እንደ ሆነ መካን ይሆናል። በ1960 ሌዎንቲንና ደን የተባሉት ሊቃውንት ይህን ትርፍና ኪሣራ በሒሳብ አመዛዝነው፥ አይጦች በትናንሽ ማኅበር ተከፋፍለው መኖራቸው የጥቅሉን መስፋፋት እንደሚገታው አመለከቱ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የነገሩ ዋና ክፍል ነው። የምዕራቧና የምሥራቋ አይጥ ከጥንት ስፍራቸው ተነሥተው፥ አንዲቱ በሜዲቴራንያን በኩል፥ ሌላይቱ ከጥቁር ባሕር በስተ ሰሜን ባለው መንገድ ሰውን እየተከተሉ ወደ አውሮፓ ገቡ፤ በመካከለኛው አውሮፓም እንደ ገና ተገናኙ። የተገናኙበት ወሰን ከስካንዲናቪያ ተነሥቶ በዴንማርክ፥ በጀርመን፥ በቼክ፥ በኦስትሪያና በባልካን አገሮች በኩል አልፎ በቡልጋርያ እስከ ጥቁር ባሕር ይወርዳል። ርዝመቱ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ወርዱ ግን በብዙ ስፍራ በአሥሮች ኪሎ ሜትር ብቻ የሚቆጠር ነው። በዴንማርክ የዩትላንድ ልሳነ ምድር በሰሜን ያሉት የምሥራቅ ወገን፥ በደቡብ ያሉት የምዕራብ ወገን ናቸው። በ1969 ሴላንደርና ጓደኞቹ የነዚህን አይጦች ፕሮቲን መርምረው የመዳቀሉን ወሰን በጉልህ አሳዩ።

ወሰኑን የሚያስደንቅ የሚያደርገው በብዙ ቦታ ተራራ ወይም ትልቅ ወንዝ የሌለበት መሆኑ ነው። በዚህ ወገን ያለው ማሳና ጎተራ በዚያ ወገን ካለው አይለይም። አይጦቹም ተገናኝተው ይዋለዳሉ። እንዲህ ከሆነ ለምን በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ አልተደባለቁም? መልሱ በአንድ ምሳሌ ይገለጣል። ሁለት ሴቶች ከሁለት ወገን ውኃ እየቀዱ በአንድ በተሰነጠቀ እንስራ ውስጥ ይጨምራሉ እንበል። ውኃው ከሁለቱም በኩል ሳያቋርጥ ይገባል፤ እንስራው ግን ስለሚያፈስስ አይሞላም። በወሰኑ ላይም እንዲሁ ነው፤ ከምሥራቅም ከምዕራብም አይጦች ሳያቋርጡ ይገባሉ፤ ይዋለዳሉም፤ ነገር ግን ድቅሎቹ በመውለድ በኩል ከንጹሓኑ ስለሚያንሱ ትውልዳቸው እየሳሳ ይሄዳል። መግባቱና ማነሱ ሲመዛዘኑ ወሰኑ ጠባብ ሆኖ ይጸናል።

የድቅሎቹ ጉድለት ከወዴት እንደሚመጣ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። በ1922 እንግሊዛዊው ሆልዴን አንድ ሕግ አመለከተ፤ ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው ከሚወለዱት ልጆች መካከል አንደኛው ጾታ የጠፋ ወይም የመከነ እንደ ሆነ፥ ያ ጾታ ሁለት የማይመሳሰሉ የጾታ ክሮሞሶሞች ያሉት ነው አለ። በአይጥና በሰው ይህ ጾታ ወንዱ ነው፤ ኤክስና ዋይ የሚባሉት አሉትና። በእርግጥም በአይጦች የሚመክነው ብዙ ጊዜ ወንዱ ድቅል ሲሆን፥ እህቱ ትወልዳለች። በ1974 በፕራግ ከተማ ፎሬይትና ኢቫንዪ የተባሉት ተመራማሪዎች በዙሪያው ከተያዙ የዱር አይጦችና ከላቦራቶሪ አይጦች ድቅል አውጥተው፥ መካንነቱ በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ ካለ አንድ ስፍራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አገኙ። የጂኑ ማንነት ግን ተሰውሮ ቆየ። ከ35 ዓመት በኋላ፥ በ2009፥ ፎሬይት ያለበት ቡድን ጂኑን ለይቶ አወቀው፤ «ፒ አር ዲ ኤም ዘጠኝ» የተባለው ነው። ይህ ጂን የዘር ሕዋስ በሚሠራበት ጊዜ የአባትና የእናት ክሮሞሶሞች ቁራጭ የሚለዋወጡበትን ስፍራ ያመለክታል። በአንዳንድ ድቅሎች ምልክቱ ሳይገጣጠም ይቀራል፤ ክሮሞሶሞቹ በትክክል ሳይጣመዱ ሥራው ይቋረጣል፤ የአባትነትም ዘር አይሠራም።

በ2016 ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ አስደናቂ ነገር ተሠራ። ተመራማሪዎች በአይጥ ጂን ውስጥ ምልክቱን የሚያነብበውን ክፍል አውጥተው በሰው ጂን ክፍል ተኩት፤ መካን ሊሆን ይገባው የነበረው ወንድ ድቅልም ወለደ። ይህም መካንነቱ በፍጥረት ላይ የታተመ የማይሻር ፍርድ ሳይሆን፥ ሁለት መሣሪያዎች ሳይስማሙ የሚመጣ ስሕተት መሆኑን በግልጽ አሳየ።

ይሁን እንጂ ድቅል ወንድ ሁሉ መካን ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። በወሰኑ ላይ የሚያዙት አይጦች አብዛኞቹ የመጀመሪያ ትውልድ ድቅሎች አይደሉም፤ በብዙ ትውልድ እየተመላለሱ የተቀላቀሉ ናቸው፤ የመውለድ ችሎታቸውም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ጂኖቹም ወሰኑን የሚሻገሩት እኩል አይደለም። በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ያሉት ብዙዎቹ እንደ ተፈተሸ ተሳፋሪ ወሰኑ ላይ ይቆማሉ፤ ሌሎች ግን በቀላሉ ያልፋሉ። በቼክና በጀርመን ድንበር አጠገብ የምሥራቁ ወገን ዋይ ክሮሞሶም ወደ ምዕራቡ ግዛት ዘልቆ መግባቱ ታይቷል። ስለዚህ ወሰኑ የድንጋይ አጥር ሳይሆን ወንፊት ነው።

ለመምህር ከሁሉ የሚጠቅመው ምናልባት የወስፋቱ ነገር ነው። በ1986 በደቡብ ጀርመን በባቫርያ የተደረገ ምርመራ ድቅሎቹ ከንጹሓኑ ይልቅ ብዙ የአንጀት ትል እንዳለባቸው አመለከተ። ከዚያም «ድቅል አካሉ ደካማ ነው፤ በሽታ መከላከል ያቅተዋል፤ ወሰኑም የሚጸናው በዚህ ነው» የሚል አሳብ ተስፋፋ፤ በትምህርትም ተደጋገመ። በ2012 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ከቼክና ከባቫርያ ወሰን እጅግ ብዙ አይጦች ይዘው ቈጠሩ። የተገኘው ውጤት የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ድቅሎቹ ትል የበዛባቸው ሳይሆኑ ያነሰባቸው ሆነው ተገኙ። በመውለድ በኩል የሚጎዳው መቀላቀል በሽታን በመከላከል በኩል ይጠቅም ነበር ማለት ነው። ሩብ መቶ ዓመት እንደ እውነት የቆየ ነገር በትዕግሥት በመቍጠር ተሻረ። የፊተኞቹ ሰዎች ያዩትን በቅንነት ጻፉ፤ የኋለኞቹም የፊተኞቹን ስም ፈርተው ዝም አላሉም። የሳይንስ ክብሩ በዚህ ነው፤ ለተማሪም ከትሉ ቍጥር ይልቅ ይህ ቢነገረው ይሻላል።

መቀላቀል ስጦታ ሆኖ የተገኘበት ሌላ ታሪክም አለ። ሰው አይጥን ለማጥፋት ከፈለሰፋቸው መርዞች አንዱ ዋርፋሪን ነው፤ ደም እንዳይረጋ በማድረግ ይገድላል፤ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየአገሩ ተስፋፋ። ቆይቶ ግን መርዙን በልተው የማይሞቱ አይጦች ታዩ። በ2011 በስፔንና በጀርመን የተያዙት የነዚህ አይጦች ጂን ሲመረመር፥ መርዙን የሚቋቋመው ጂን በአንዳንዶቹ ዘንድ የራሳቸው ሆኖ አልተገኘም። የመጣው «ሙስ ስፕሬተስ» ከሚባለው፥ በስፔንና በሰሜን አፍሪካ ዳርቻ ከሚኖረው የሜዳ አይጥ ነው። ይህ አይጥ ከቤት አይጥ የተለየው ከአንድ ሚልዮን ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት ስለ ሆነ፥ ከሁለቱ የሚወለዱት ወንዶች መካን ናቸው፤ ሴቶቹ ግን አንዳንዶቹ ይወልዳሉ። በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ጂኑ ሾልኮ ገባ፤ ሰው መርዝ በማብዛቱም ጂኑን የያዙት ሲተርፉ የሌሎቹ ትውልድ አለቀ። ገበሬው በጎተራው ዙሪያ የሚበትነው መርዝ የሚገድለው ደካማውን ብቻ ሆኖ፥ ብርቱውን ዘር አድርጎ እንደሚያስቀር ከዚህ ይታወቃል። ስለዚህ መምህሩ በየመንደሩ ሊያስተምረው የሚገባው ቀዳሚ ነገር መርዝ ሳይሆን፥ ከምድር ከፍ ያለ ጎተራ፥ የተመረገ ጎታና የተጠረገ ጓሮ ነው።

ዝርያ እንዴት እንደሚከፈል የሚያሳይ ሌላም ምስክር አለ። የቤት አይጥ ክሮሞሶም በመደበኛው 40 ነው። በስዊስ አገር በፖስኪያቮ ሸለቆ የምትኖር አንዲት ጥቁር አይጥ ግን በ1869 «የትምባሆ አይጥ» በመባል እንደ ልዩ ዝርያ ተመዝግባ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው አልፍሬድ ግሮፕና ጓደኞቹ ቢቈጥሩት ክሮሞሶሟ 26 ብቻ ሆነ። ውርሱ አልጠፋም፤ ክሮሞሶሞቹ ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው፥ ሁለቱ አንድ እየሆኑ ቍጥሩ አነሰ እንጂ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ብዙ ወገኖች በአውሮፓና በሰሜን አፍሪካ ተገኝተዋል። በ2000 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ባለችው በማዴይራ ደሴት ስድስት የተለያዩ ወገኖች መኖራቸው ተገለጠ፤ አንዳንዶቹም ክሮሞሶማቸው እስከ 22 የወረደ ነው። አይጥ በመርከብ ወደዚህች ደሴት ከገባች አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቢሆን ነው፤ በየሸለቆው በገደል ተለያይታ ስትኖር ይህን ሁሉ ለውጥ አደረገች። የተለያየ አያያዥነት ያላቸው ወገኖች ሲዳቀሉ እንደ በቅሎ ጥንዱ ሊዛባ ይችላል። የተራራና የገደል አገር የሚያውቅ ተማሪ የመለየት ኀይል ምን እንደሆነ ከዚህ በቀላሉ ይረዳል።

በጃፓን ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የዚያ አገር የቤት አይጥ የምሥራቋና የደቡብ እስያዋ አይጥ ተቀላቅለው የወጣች ናት። የአውሮፓውያን የጌጥ አይጦች ከጃፓን ከመጡት ጋር ተዳቅለው፥ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ ለሳይንስ ምርመራ ዋሉ፤ በየላቦራቶሪው የሚታየው አይጥ ከነዚያ የወረደ ነው፤ አብዛኛው ደሙ የምዕራቧ አይጥ ሲሆን፥ ቀሪው የሌሎቹ ነው። በ2002 የአይጥ ጂኖች ሁሉ ዝርዝር ሲታተም የተነበበው የዚህ የተቀላቀለ ወገን ውርስ ነበር። ብዙ መድኀኒት ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በዚህ ድቅል ይፈተናል።

ክቡራን ዕጩ መምህራን፤ ይህን ትምህርት በክፍል ውስጥ የሚያቀርብ ሰው በቋንቋ በኩል ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በአማርኛ «ዘር» የሚለው ቃል ለሚዘራው እህልም፥ ለትውልድም፥ ለሕዝብም ይነገራል፤ «ዲቃላ» የሚለውም በሰው ላይ ሲወረወር ስድብ ነው። በትምህርት ቤት አደባባይ በዚህ ቃል ተሰድቦ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ የሄደ ልጅ በየክፍሉ አይጠፋም። መምህሩ ስለ አይጥ ድቅሎች መካንነት ተናግሮ ዝም ቢል፥ ያ ልጅ የተፈጥሮ ሕግ የፈረደበት ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ መምህሩ ነገሩን ሳይጠየቅ መግለጥ አለበት፤ የምሥራቅና የምዕራብ አይጥ የተለያዩት ከሦስት መቶ ሺህ ዓመት በላይ ነው፤ ዛሬ በምድር ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ግን አንድ ዝርያ ናቸው። ከማንኛውም አህጉርና ከማንኛውም ሕዝብ የመጡ ወንድና ሴት ቢጋቡ ልጆቻቸው ጤነኞች ናቸው፤ ወንዱም ሴቷም ይወልዳሉ። በሰዎች መካከል የአይጥ ወሰን የሚመስል ወሰን የለም፤ ያለው ሰው በቋንቋና በልማድ፥ አንዳንዴም በክፋት ያሰመረው ነው። ይህን በግልጽ ያልተናገረ መምህር ትምህርቱን ግማሽ አድርጎ ትቶታል።

ለክፍል ሥራም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አይጥን በእጅ መንካት በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል መከልከል ይገባል፤ ነገር ግን ማታ በጎታው አጠገብ በስሱ የተነሰነሰ ዱቄት ወይም አመድ ጧት ላይ የእግር ፈለግ ይዞ ይገኛል። ተማሪዎች ፈለጉን በመስመር ቢለኩ፥ ከየት ወደየት እንደ ሄደ ቢስሉ፥ በበጋና በክረምት የታየውን ቢያመዛዝኑ፥ ቀኑንም ሳያዛንፉ ቢጽፉ፥ የምርመራን መንገድ ተምረዋል ማለት ነው። በባቫርያ ወሰን ላይ ሩብ መቶ ዓመት የቆየውን ስሕተት ያረመው ከዚህ የተለየ ጥበብ አይደለም፤ በትዕግሥት ማየት፥ በትክክል መቍጠር፥ የተገኘውንም ሳይደብቁ መጻፍ ነው።

አይጥ ለመጥፋት አትታሰብም፤ ሰው ባለበት ትኖራለች። ከእርሷ ጋር መታገል የገበሬው ሥራ ሆኖ ይቀጥላል፤ ከእርሷ መማር ግን የመምህሩ ሥራ ነው። ነገ በየአውራጃው ወደየትምህርት ቤቱ የሚሰማራው ወጣት መምህር በክፍሉ ጥግ የአይጥ ድምፅ በሰማ ጊዜ፥ ተማሪዎቹ ድንጋይ ከማንሣታቸው በፊት አንድ ጥያቄ እንዲያነሡ ቢያደርግ፥ የዛሬው ንግግር ፍሬውን አፍርቷል።